እናቴ እያለች «ማንም የላትም» ተባለልኝ

ከዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች አንዷን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ። ስሟ እኔ ዘንድ ይቆያል።

«24 ዓመቴ ነው። የተወለድኩት ቡሬ ነው። አባቴ ቶሎ ስለሞተ እናቴ ጠላ እየጠመቀች አሳደገችኝ። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ባህር ማዶ ያሉ አንዲት ሴትዮ በአንድ ድርጅት በኩል ደብተርና ዩኒፎርም ይገዙልኝ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ሥራ ይዣለሁ። በሚቀጥለው ወር ሴትዮዋ ከቤተክርስቲያናቸው ሰዎች ጋር ይመጣሉ። ፍኖተ ሰላም ላይ መሪዎችን ሦስት ቀን ያሠለጥናሉ፣ ገጠር ወርደው ሕፃናትን ይጎበኛሉ። እኔ እንዳስተረጉምና ‹ታሪኬን› እንዳነብ ጽሑፍ ተላከልኝ። ‹ማንም ያልነበራት ልጅ› ብሎ ይጀምራል! ለእናቴ በስልክ ብነግራት ዝም አለች። ቆይታ ‹ይሁን፣ ያስተማሩሽ እነሱ ናቸው› ብላ ዘጋችው። የወንድ ጓደኛዬ ‹አንብቢውና ተገላገዪ፣ ማን ያውቃል ይዘውሽ ይሄዱ ይሆናል› ይለኛል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ቶሎ ስለሚያልቅ ከጓደኛሽ ልጀምር። ለቪዛ ብለሽ እናትሽን በቁማቸው ቅበሪ እያለሽ ነው። ሳያስበው ከሆነ ይታረማል፤ አስቦበት ከሆነ ግን ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ።

በሴትዮዋ ላይ ክፉ አልናገርም። የማያውቁትን ልጅ ከኪሳቸው አውጥተው ለዓመታት አስተምረዋል፤ ይሄ ውለታ ነው። ችግሩ ጽሑፉ ነው። ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚጻፍ ታሪክ እናትን ከቤት ያስወጣና ልጁን ብቻውን ያቆመዋል፤ ብቻውን የቆመ ልጅ ቶሎ ያስለቅሳላ! ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። አገራችን የውጭ ጉዲፈቻን በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከመከልከሏ በፊት እናት አባት እያላቸው «የሙት ልጅ» ተብለው የተሸኙ ልጆች ነበሩ። ያም የጀመረው በወረቀት ላይ በተጻፈ አንድ መስመር ነው።

ሥልጠናውስ ለማን ነው? ይህን ጠይቂ። በ1999ኙ ቆጠራ ከምዕራብ ጎጃም ሕዝብ ከመቶ 98 በላይ የሚሆነው ኦርቶዶክስ ነው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ደንብ እንደ ጎጃም ባለው አገር ሚሲዮን እንዲያክምና እንዲያስተምር እንጂ ሃይማኖቱን እንዲሰብክ አይፈቅድም ነበር። ዛሬ ያ ደንብ የለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለሁሉም ነፃነት ሰጥቷል። ስለዚህ የራሳቸውን ቤተክርስቲያን መሪዎች የሚያሠለጥኑ ከሆነ መብታቸው ነው። የገጠሩን ቄሶች ሰብስበን እናስተምር ካሉ ግን መጀመሪያ ቤተ ክህነቱን ያነጋግሩ። እነዋሸራ፣ እነጎንጅ በቅኔ ስማቸው የተጠራበት አገር ነው፤ መምህር ለመባል ዓመታት የተንከራተተ ሰው ፊት «ሦስት ቀን» ሲባል አንቺ ራስሽ ስታስተረጉሚ ታፍሪያለሽ።

ሕፃናትን መርዳትም ቢሆን ጎጃም ከሰው የተማረው አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ውሻ ይዘው፣ ቁራሽ እንጀራ ሰጥተው ያሳደጉት የማያውቁት እናቶች ናቸው። ኧረ እንዲያው ላሳምረው ብዬ አይደለም፤ ያ ልጅ ይራባል፣ ውሻ ይነክሰዋል፣ በጎጆው ውስጥ ይታመማል፤ ደብተርና ሐኪም የሚያመጣለት ሰው ቢገኝ እሰየው ነው። ብቻ ማንም አልነበረውም አይባልም።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? ጽሑፉን ለእናትሽ በአማርኛ መልሰሽ አንብቢላቸው። የትኛው ቃል እንደሚወጣ እሳቸው ይንገሩሽ። ከዚያ ታሪክሽን ራስሽ ጻፊው። «እናቴ ጠላ ጠምቃ አሳደገችኝ፣ እርስዎ ደብተር ገዙልኝ» ብትዪ ሁለቱም እውነት ነው። ይህንኑ ለሴትዮዋ አስቀድመሽ ላኪላቸው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚያዘጋጀው የቢሮ ሰው ስለሆነ እሳቸው ጨርሶ ላያውቁት ይችላሉ። ቢሮው «ያለዚያ አይሆንም» ካለሽ ሥልጠናውን አስተርጉሚ፣ ያችን ወረቀት ግን አታንብቢ።

ስለ ጉዞው፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በተነሳው ጦርነት ጎጃም ያየውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። መንገዱ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የከረመ አገር ነው። ቀኑን የአውሮፕላን ትኬት አይወስነው፤ መስመሩን የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠይቂ፣ ያስፈራል ካሉ ይቅር።

ገጠር ከወረዳችሁ ልጆች ይከቧችኋል፣ ካሜራም ይወጣል። ያኔ «እናቱ የት አለች?» በዪና እሷን አስፈቅጂ። ሴትዮዋንም ቡሬ እናትሽ ቤት ይዘሻቸው ግቢ። ጠላውን አልጠጣም ቢሉ እንዳትቀየሚ፤ ቡና ይፈላል። ምን እንደተባባሉ ጻፊልኝ።