ጥፋቱ የአፍንጫችን አይደለም

ከሐረር ጀጎል ጥላማ ጉራንጉሮች ወደ ፈረስ መጋላ ብቅ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዓይኑን ማጥበብ ነው። ግንቡ በኖራ ነጭ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ብርሃኑ ከላይም ከጎንም ይመታል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። በዚህ ስሌት በጠራ ቀን እኛ ላይ የሚወርደው ጨረር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በ20 በመቶ ያህል ይበልጣል። አየራችን ነፋሻ ስለሆነ ግን አይሰማንም። ለንግድ ጅቡቲ የሚወርድ ሰው ሙቀቱን ፈርቶ ይሸፋፈናል፤ ሐረር ሲመለስ ዓይኑን ለፀሐይ ሰጥቶ ይውላል።

ስለዚህ የፀሐይ መነጽር እዚህ አገር የዘናጭ ዕቃ ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም። ቀኑን ሙሉ አቧራና ብርሃን ፊቱ ላይ የሚነፍስበት የባጃጅ ነጂ፣ አደባባይ ላይ የሚቆም ትራፊክ፣ ኤረር በር ላይ አትክልት ዘርግታ የምትውል እናት ከማናችንም በላይ ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ብሔራዊ ጥናት ከአገራችን ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከነዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል። ሞራ በዋናነት የዕድሜ ነገር ነው፤ ለዓመታት የተጠራቀመ ጨረር ግን አንዱ መንስኤው ነው። በዓይናችን ነጭ ላይ በቅሎ ወደ ብሌኑ የሚሳበው ሥጋም ከፀሐይ ጋር ቁርኝት አለው።

ታዲያ ለምን አናደርገውም? መነጽር ገዝተው መሳቢያ ውስጥ የረሱትን ሰዎች ጠይቁ። «ይንሸራተታል» ይሏችኋል። ጎንበስ ሲሉ አፍንጫ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ሲስቁ ጉንጫቸው መነጽሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሽፋሽፍታቸው መስታወቱን ይጠርገዋል፤ ላብ ሲመጣ ደግሞ ይጉማል። አንድ ጊዜ ሸዋ በር አካባቢ አንዲት ወጣት መነጽር ስትለካ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሦስተኛውም አልቀመጥ ሲላት ሻጩ «አቦ፣ መነጽሩማ አሪፍ ነው፤ አፍንጫሽ ነው እንጂ!» አላት። ሳቀች። መነጽሩን መልሳ፣ መዳፏን በቅንድቧ ላይ ጋርዳ ሄደች።

ያ ንግግር ዛሬም ያናድደኛል። ሰልካካ አፍንጫ ሲወደስ፣ ጎራዳው ሲሾፍበት እየሰማን አድገናልና ጥፋቱን ቶሎ ወደ ራሳችን እንወስዳለን። ገበያችንን የሞላው ፍሬም የተቀረጸው ግን በሁለቱ ዓይኖች መካከል አጥንቱ ከፍ ላለ ፊት ነው። አጥንቱ ዝቅ ወይም ሰፋ ያለ ሰው ላይ ሲደረግ የሚያርፍበት ቦታ ስለሌለው ወርዶ ጉንጭ ላይ ይቀመጣል። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ የእናትና የልጅ አፍንጫ በሚለያይበት አገር አንድ ቅርጽ ለሁሉም ይሆናል ማለት ከመጀመሪያውም ስህተት ነው።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩበት ነበር። መነጽር ከቅንድብ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲርቅ ከላይና ከጎን የሚገባው ጨረር በእጅጉ ይጨምራል። በዚያ ላይ ጥቁር መስታወት ዓይንን ያታልላል፤ ጨለማ የመሰለው ብሌን ይከፈታል። መስታወቱ ጨረሩን የማያግድ ከሆነ ወይም መነጽሩ ወርዶ በላይ በኩል ክፍተት ከተወ፣ ጨረሩ ይበልጥ የተከፈተ በር ያገኛል። እንግዲህ መስታወቱ ጨረሩን እንደሚያግድ የሚገልጸው «ዩቪ 400» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ ፊት ላይ በትክክል መቀመጡም የመከላከያው አካል ነው።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ከምናስበው ይቀርባል። መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች ብዙም ሳይርቅ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ የአንድ ልጅ መነጽር ሲያስተካክሉ አይቻለሁ። ፍሬሙ ብረት ነው፤ አፍንጫ ላይ የሚያርፉት ሁለቱ ጎማዎች በቀጫጭን ሽቦ ተይዘዋል። አዛውንቱ መጀመሪያ በጎማዎቹ ሥር የተጋገረውን አረንጓዴ ዝገት በጨርቅ ጠረጉ። በትንሿ ካቻቪቴ የላላውን ብሎን አጠበቁ። ከዚያ በቀጭን ፒንሳ አንዱን ሽቦ ይዘው ወደ ውስጥ ገፉ፣ ሌላውንም እንደዚያው አደረጉና «እስቲ አድርገው ልጄ፤ ጎንበስ በል» አሉት። ጎንበስ አለ፤ መነጽሩ ንቅንቅ አላለም። ከጉንጩ ከፍ ያለው የስንዴ ፍሬ ቢያክል ነው።

ከዚህ የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ስትገዙ ጎማዎቹ በሽቦ የተያዙትን ምረጡ፤ እነሱ ይጠባሉ፣ ይሰፋሉ። አፍንጫ ማረፊያው ከፍሬሙ ጋር አብሮ የተቀረጸ ወፍራም ፕላስቲክ ግን እንዲህ አይታዘዝም። የሬይ ባን የአብራሪዎች መነጽር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲመጣ ባለ ጎማ ብረት ነበር። በ1950ዎቹ የወጣው ዌይፋረር የተባለው ፕላስቲክ ፋሽን ሲሆን ጎማው ቀረ፤ ገበያችንም የሞላው በዚያ አምሳያ ነው። ፕላስቲኩን ከወደዳችሁ ተለጣፊ ሲሊከን ጎማ ለጥፉበት፤ ከጆሮ ጀርባ የሚታጠፈውን ጫፍ ደግሞ መነጽር ቤት አሙቀው ያጥፉላችሁ። ቤት ውስጥ በክብሪት አትሞክሩት።

ጆሮ ላይ በሚያርፈው ዘንግ ውስጠኛ ጎን 52፣ 18፣ 140 የሚመስሉ ቁጥሮች ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው የመስታወቱ ስፋት፣ ሁለተኛው በመስታወቶቹ መካከል ያለው ርቀት፣ ሦስተኛው የዘንጉ ርዝመት ነው፤ ሁሉም በሚሊ ሜትር። መካከለኛው ቁጥር ስለ ስፋት እንጂ ስለ አፍንጫ ከፍታ ምንም አይናገርምና አድርጎ ማየትን አይተካም። አድርጉት፤ መሬት እዩ፤ ከልባችሁ ሳቁ። ጉንጫችሁ ካነሳው ወይም ሽፋሽፍታችሁ ከነካው መልሱት።

ትልልቆቹ አምራቾች ለዝቅተኛ አፍንጫ የሚሆን ፍሬም መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ለረጅም ጊዜ ግን «የእስያ ልክ» እያሉ ነበር የሚሸጡት። አፍሪካውያንን ያሰበ አልነበረም። ማላዊ ተወልዶ ያደገው ዲዛይነር አኪም ንግዌንያ በርሊን ላይ ሪፍሬምድ የተባለ ድርጅት ከባልደረቦቹ ጋር ያቋቋመው ይህን አይቶ ነው፤ የደንበኛውን ፊት ለክቶ ፍሬሙን ለዚያ ፊት ይሠራል። ዋጋው ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፤ ፍሬም ለፊት ይሠራል።

ከጅግጅጋም ከአዲስ አበባም መነጽር የምታመጡ ነጋዴዎች፣ አደራ፣ ከምትጭኑት ካርቶን ቢያንስ ግማሹ ባለ ጎማ ይሁን። መነጽር ቤቶችም ሸጣችሁ አትሸኙን፤ አስቀምጣችሁ አስተካክሉልን፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አንቺም እህቴ፣ ሻጩ «አፍንጫሽ ነው» ሲልሽ አትሳቂለት፤ «ሌላ ፍሬም አምጣ» በይው።