ጽጌረዳዋ የማን ናት?

ሰሞኑን ሆለታ ብቅ ብዬ ከአንድ የድሮ ተማሪዬ ጋር ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሥነ ጽሑፍ ነበር ያስተማርኩት፤ ዛሬ በአንድ አበባ እርሻ የኤክስፖርት ሰነድ ያዘጋጃል። «መምህር፣ ያኔ ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ነጥብ ሲቀንሱብኝ እበግን ነበር» አለኝና ሳቀ። «አሁን ነጠላ ሰረዝ የት እንደምትገባ ሳጣራ አድራለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆለታ ጽጌረዳ አውሮፓ ሲገባ ቀረጥ አይከፍልም። እ.ኤ.አ. በ2001 የአውሮፓ ኅብረት «ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም» ብሎ ለድሃ አገሮች በከፈተው በር ነው የሚያልፈው። ያ በር የሌለው ጽጌረዳ ከጁን እስከ ኦክቶበር 12 በመቶ፣ በቀሩት ወራት 8.5 በመቶ ይጠብቀዋል። በሩን የሚከፍተው ቁልፍ «ይህ አበባ የኢትዮጵያ ነው» የሚል ቃል ነው። ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ በላይ ካወጣ ቃሉን የሚሰጠው የተመዘገበው ላኪ ራሱ ነው፤ በኢንቮይሱ ላይ ይጽፈዋል፣ በቃ።

ቃሉ ስሕተት ሆኖ ቢገኝስ? ቀረጡ እስከ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ከአስመጪው ይጠየቃል። አስመጪው ከኪሱ ከፍሎ ዝም የሚል እንዳይመስላችሁ! ላኪውም ሆን ብሎ ይሁን በቸልተኝነት ካሳሳተ ከመዝገብ ይፋቃል።

«ፈረንጅ በወረቀት ሊያንቀን ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ከነሱ ጋር የለሁበትም። ግልጽ የሆነ የአጻጻፍ ግድፈት ብቻውን ሰነዱን ውድቅ አያደርገውም፤ ደንቡ ራሱ ይላል። (እኔ ለፈተና ወረቀት ይህን ያህል ቸር አልነበርኩም።) ዝርያው በሆላንድ የተዳቀለ ቢሆን እንኳ እዚህ አድጎ እዚህ ከተቆረጠ አበባው ያበሻ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይሁንልን?

የኔ ጠብ ከኛው ጋር ነው። የአበባ ቤቱን ሙቀት በዲግሪ ሽራፊ የሚቆጣጠር ባለሀብት፣ ወደ ወረቀቱ ሲመጣ «ይሞላ!» ብሎ ትናንት ለተቀጠረ ልጅ ይወረውረዋል። ለዓመታት መቀመጥ ያለበት ሰነድ በአበባ ካርቶን ታጭቆ አይጥ ይጠብቀዋል። የወረቀቱን ዋጋ ማወቅ የፈለገ ጎረቤታችንን ኬንያን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከኅብረቱ ጋር የንግድ ስምምነቱ በጊዜ ስላላለቀላት ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር መገባደጃ አበባዋ ቀረጥ ተጣለበት። ያው ጽጌረዳ፣ ያው ደጋ፣ ያው ገበያ! እኛ በነጻ ስናልፍ እነሱ ከፈሉ።

ከአውሮፓም ጋር አንዲት ጠብ አለችኝ። ዋሾውና ዝንጉው በአንድ ገመድ መታሰራቸው አይዋጥልኝም። ከዚያም የከፋ አለ፤ የማታለሉ ነገር ከተደጋገመ አገሪቱ በሙሉ ዕድሉን ለጊዜው ልትነጠቅ ትችላለች። ያኔ አንድ እርሻ ለዋሸው የሰበታውም፣ የሱሉልታውም ይከፍላል። ማለዳ ገብታ ጽጌረዳ በቁመት ስትለይ የምትውለው ልጅ ኢንቮይስ አይታ አታውቅም፤ ትርፍ ሰዓቷ ሲቀነስ ግን ቅጣቱ እሷ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው።

ወረቀቱ ደግሞ እየበዛ ነው። በ2018 ዓ.ም. በአፍሪካ ነጻ የንግድ ቀጣና መላክ ጀምረናል፤ እዚያም የስሪት አገር ይጠየቃል።

ተማሪዬ ሰዓቱን አየ፤ ማታ ወደ ቦሌ የሚወጣ መኪና አለበት። «አንተ ስትታመም ማነው የሚጽፈው?» አልኩት።

«የተገኘ ሰው ነዋ፣ መምህር» አለኝ።