የሩቅ ልጅ የሚጠብቁ ወላጆች



በዚህ ወር ልናነጋግራችሁ የምንወደው ከባሕር ማዶ ያለውን አንድ ሕመምተኛ ሕፃን በጉዲፈቻ ሊቀበሉ ቃል ገብተው፥ ስሙን አውቀው፥ ፎቶግራፉን በግድግዳቸው ሰቅለው፥ ዓመታት ስላለፉባቸው ሰዎች ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ይመስላል፤ እስከ መጨረሻው ብትከተሉን ግን ወደ ደጃፋችን እንደሚመለስ ታያላችሁ። የሌሎችን አገሮች ታሪክ ስናነሣ ዓመቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የቻይና መንግሥት የውጭ አገር ሰዎች ሕፃናቱን በጉዲፈቻ እንዲወስዱ የፈቀደበት ሕግ በ1992 በሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ልጆች ከ80 ሺህ ይበልጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ ጤነኞች ሴቶች ልጆች ነበሩ፤ ይኸውም ቤተ ሰብ ከአንድ ልጅ በላይ እንዳይወልድ ይከለክል የነበረው ደንብ ብዙ ሴቶች ልጆች እንዲጣሉ ምክንያት ስለ ሆነ ነው። እያደር ግን ነገሩ ተለወጠ። በኋለኞቹ ዓመታት ለጉዲፈቻ የሚሰጡት አብዛኞቹ ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው የተሰነጠቀ፥ ልባቸው ቀዳዳ ያለው፥ እግራቸው የቆለመመ፥ ወይም የጀርባ አጥንታቸው ሳይገጥም የተወለዱ ሕፃናት ሆኑ።

እንዲህ ያለውን ልጅ የሚሹ ባልና ሚስት የሚሄዱበት መንገድ ረጅም ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቤታቸው ድረስ መጥቶ ኑሮአቸውንና ጠባያቸውን ይመረምራል፤ የፖሊስና የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃሉ፤ ወረቀቱ ሁሉ በማኅተም ላይ ማኅተም ተመትቶበት ይላካል። ከዚህ በኋላ የልጁ ፎቶግራፍና የሕመሙ ታሪክ ይደርሳቸዋል። ይህንም ለሐኪም አሳይተው፥ እርስ በርሳቸውም ተመካክረው፥ «እንችላለን» ወይም «አንችልም» ብለው ይመልሳሉ። «እንችላለን» ያሉ ሰዎች በሕግ ገና ወላጆች ባይሆኑም፥ ከዚያች ዕለት ጀምሮ እንደ ወላጅ ማሰባቸው አይቀርም።

በ2020 መጀመሪያ የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ይህ መንገድ ተዘጋ። ልጃቸው ተለይቶ የታወቀላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ቤተ ሰቦች እንዲታገሡ ተነገራቸው። አንድ ዓመት፥ ሁለት ዓመት፥ ሦስት ዓመት አለፈ። ለሁለት ዓመት ሕፃን የተገዛው ጫማ፥ ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከነካርቶኑ ተቀምጦ ነበር። ከወረርሽኙ በፊት የጉዞ ፈቃድ ይዘው ከነበሩት ጥቂቶቹ ብቻ በኋላ ልጆቻቸውን ለመቀበል በቁ። በ2024 ሴፕቴምበር የቻይና መንግሥት፥ እስከ ሦስት ትውልድ ድረስ ለሚቈጠር የሥጋ ዘመድና ለእንጀራ ልጅ ካልሆነ በቀር፥ የውጭ ጉዲፈቻን ፈጽሞ ማቆሙን አስታወቀ።

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከለከለ። ይህ ያለ ምክንያት አልተደረገም። ወደ አሜሪካ ከተወሰዱት ልጆቻችን አንዲቱ በ2011 በአሳዳጊዎቿ እጅ ተሠቃይታ እንደ ሞተች፥ እነርሱም በ2013 በፍርድ ቤት እንደ ተፈረደባቸው ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ልጅ ከወገኑና ከቋንቋው ሳይለይ ቢያድግ ይሻላል የሚለው አሳብ፥ በ1993 በላሄ ከተማ የተፈረመው የጉዲፈቻ ስምምነትም አስቀድሞ የሚጠይቀው ነው። ስለዚህ በሩን የዘጋውን ሁሉ ልንወቅስ አንወድም። ነገር ግን በሩ ሲዘጋ አስቀድሞ ቃል የተገባለት ሕፃን በደጁ ቆሞ እንዳይቀር፥ ጉዳዩ ለየብቻ ቢታይ መልካም ነበር እንላለን።

ይህን የምንለው ለትልልቆቹ ሰዎች ብቻ አዝነን አይደለም። መዝገብ በመደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ዓመት ቢያልፍበትም ያው መዝገብ ነው፤ የሕፃን አካል ግን እንዲህ አይደለም። የተሰነጠቀ ላንቃ ልጁ አፉን ሳይፈታ፥ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት ቢዘጋ ይመረጣል። የቆለመመ እግር በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች በጄሶ እየታሰረ ቢቃና ብዙውን ጊዜ ከባድ ቀዶ ሕክምና አያሻውም። በልብ ውስጥ ያለ ትልቅ ቀዳዳ ሳይደፈን ዓመታት ቢቈይ የሳንባውን የደም ሥሮች ይጎዳና፥ በኋላ ሐኪም ቢገኝም ቀዳዳውን ለመድፈን የማይቻልበት ጊዜ ይደርሳል።

እኛም በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ይህን በዓይናችን አይተናል። ዳዊት ደግሞ ወደ እኛ የመጣ አንድ ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ ነበር። የተጻፈውን ሁሉ ያነብባል፤ ነገር ግን ቃሉ በአፍንጫው እየወጣ ስለማይሰማ ልጆቹ ይሥቁበት ነበርና፥ ከጊዜ በኋላ ሲጠራ እጁን ማንሣት ተወ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ላንቃው ዳነ፤ ንግግሩ ግን እንደ እኩዮቹ አልሆነም። እናቱ «ቀድሞ ማን በነገረኝ!» ያሉትን እስከ ዛሬ አንረሳውም። አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

እንግዲህ የሩቅ ልጅ የሚጠብቅ ሰው ምን ያድርግ?

አንደኛ፥ የጥበቃውን ጊዜ የትምህርት ጊዜ ያድርገው። የልጁን ሕመም፥ የመድኃኒቱን አሰጣጥ፥ ቢቻለውም የልጁን ቋንቋ ጥቂት ቃል ይማር። ሕመምተኛ ልጅ የሚፈልገው አዛኝ ብቻ ሳይሆን ዐዋቂ አስታማሚም ነው።

ሁለተኛ፥ ሕክምናው ጉዲፈቻውን አይጠብቅ። ልጁ ባለበት አገር በሕጋዊ መንገድ ሊታከም የሚችል እንደ ሆነ ይህ ይቅደም። ቻይናም በ2004 «የነገ ዕቅድ» በተባለ ሥራ ለሙት ልጆችና ለተጣሉ ልጆች ቀዶ ሕክምና ማድረግ ጀምራ ነበር። ልጁ ወደ ቤቱ ባይመጣም እንኳ እንዲድን የሚረዳ ሰው በእውነት አባት ወይም እናት ነው።

ሦስተኛ፥ ልጁ በገዛ አገሩ ሌላ ቤት ቢያገኝ «ልጄን ተቀማሁ» አይበል። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ እንባም ቢያስፈስስ አንፈርድበትም።

አሁን ወደ ደጃፋችን እንመለስ። የባሕር ማዶው መንገድ በአገራችን ከተዘጋ ወዲህ የተጣለውንና የታመመውን ሕፃን የማሳደግ ዕዳ በእኛ ላይ ወድቋል። ጉዲፈቻ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቃሉም የኦሮሞ ወገኖቻችን ቃል ነው፤ የጡት ልጅ፥ የማር ልጅ የሚባለውንም አባቶቻችን ያውቁት ነበር። ዛሬም ዕድሜው ከ25 ዓመት ያላነሰ ኢትዮጵያዊ በፍርድ ቤት አጸዳቂነት ልጅ ሊያደርግ ይችላል። ነገር ግን ከመካከላችን ልጅ ለማሳደግ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ጤነኛውንና ትንሹን ነው። ይባስ ብሎ፥ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ልጅ ሲወለድ እንደ ቁጣ ቈጥሮ በጓዳ የሚሸሽግ ቤተ ሰብ ዛሬም አለ። የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ በነፃ የሚታከምበት ሆስፒታል በአገራችን አለ፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢም ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የቆመ ማዕከል አለ። በየሰፈራችሁ የተሸሸገ ሕፃን ብታውቁ፥ በማኅበራችሁም በዕድራችሁም ተነጋግራችሁ፥ እናቲቱን አጽናንታችሁ፥ የመሳፈሪያውን ገንዘብ አዋጥታችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት። ማሳደግ የሚቻላችሁ ደግሞ ጤነኛውን ብቻ አትጠይቁ።

ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ሕፃን በንጉሥ ሰሎሞን ፊት በተከራከሩ ጊዜ፥ እውነተኛዪቱ እናት የታወቀችው ልጁን አጥብቃ በመያዝዋ አልነበረም፤ በሕይወት ይኑር እንጂ ለሌላዪቱ ይሰጥ በማለትዋ ነበር። የሩቁን ልጅ የሚጠብቁትም፥ የቅርቡን የምናይ እኛም፥ ይህችን እናት እናስብ። አምላካችን በደጅ ለሚጠብቁት መጽናናትን፥ ለታመሙት ሕፃናት የሚቀበላቸውን ቤት ይስጥልን።