ስለ ተዘጋው ዐጸደ ወይን

በፈረንሳይ አገር፣ በቡርጎኝ አውራጃ፣ ከቮን ሮማኔ መንደር ጥግ፣ ስፋቱ 2 ሄክታር የማይሞላ ሮማኔ ኮንቲ የተባለ ዐጸደ ወይን ይገኛል፤ ጥንት የሳን ቪቫን ገዳም መነኮሳት ርስት የነበረውን ይህን መሬት እ.ኤ.አ. በ1760 የኮንቲው ልዑል ሲገዛው፣ ፍሬው ለራሱ ማዕድ ብቻ እንዲቀርብ አድርጎ እንደ ነበር ይነገራልና፣ የደጁ መዘጋት የዛሬ ነገር አይደለም።

ዛሬም ከሩቅ አገር የመጣ ወይን ሰብሳቢ የሚያገኘው አጭር የድንጋይ ቅጽር፣ አንድ የድንጋይ መስቀልና ወደ ወይኑ ሐረግ እንዳይገቡ የሚለምን ጽሑፍ ብቻ ስለ ሆነ፣ ገንዘቡን ይዞ መመለሱን እንደ ንቀት ቈጥሮ ያጉረመርማል። እኔ ግን በዚህ ማጉረምረም አልተባበርም፤ በዓመት ጥቂት ሺህ ጠርሙስ ብቻ የምትሰጥ መሬት የዓለሙን እንግዳ ሁሉ ላስተናግድ ብትል፣ አፈሩ በእግር ተረግጦ ይደድራል፣ ጓዳውም ገበያ ይሆናል።

የሚያሳዝነኝስ ሌላ ነው። ያረጁት ሐረጎች ተነቅለው ወይኑ እስከ 1952 ከመቋረጡ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ከተጠመቀው 600 ያህል ጠርሙስ አንዱ፣ በ2018 በኒው ዮርክ ጨረታ በ558,000 ዶላር ተሸጠ፤ በዚህ ዋጋ የተገዛውን ወይን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ማን ደፍሮ ይከፍተዋል? ልብን ደስ ሊያሰኝ የተሠራው መጠጥ እንደ ወርቅ ተቈልፎበት ይኖራል።

ስለዚህ መንገደኛው በቅጽሩ ዳር ቆሞ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ፣ የሲቶ መነኮሳት በ12ኛው መቶ ዓመት ወደ ተከሉት፣ በቅርብ ወደሚገኘው ክሎ ደ ቩዦ ቢሄድ ይሻለዋል፤ በዚያ ደጁ ለጐብኚ ክፍት ነው፣ መነኮሳቱ ወይን ይጨምቁባቸው የነበሩት ታላላቅ የእንጨት መጭመቂያዎችም እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ።