ድመቷ ተጨነቀች ወይስ ታመመች?



ይህ ዓምድ የቤተሰብ ጤና ዓምድ ነው። ዛሬ የምናነሳት ግን ከቤተሰቡ ቁጥር ባትገባም ከማዕዱ አጠገብ የማትጠፋውን ድመት ነው። በብዙዎቻችን ቤት ድመት የምትገባው አይጥ እንድትይዝ ነው። ከዚያ ልጆች ይለምዷታል፣ ስም ያወጡላታል፣ የቤቱ አባል ትሆናለች። ታዲያ አንድ ቀን ከአልጋ ሥር ገብታ አልወጣም ስትል፣ ምግቧን ስትተው ወይም መስገጃው ላይ ስትሸና ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ቂም ይዛ ነው፣ ተዋት» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ባልጋለች፣ ትውጣ» ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ለፍርድ ቸኩለዋል። ድመት በቂም አትሸናም፤ ወይ ተጨንቃለች፣ ወይ ታማለች፣ ወይም ሁለቱም ደርሶባታል።

ነገሩን የሚያስቸግረው ምልክቱ መመሳሰሉ ነው። ድመት አዳኝ ብትሆንም በውሻና በአውሬ የምትታደን ትንሽ እንስሳ ናት። ስለዚህ ድካሟን ትደብቃለች። ስትፈራም ትደበቃለች፣ ሲያማትም ትደበቃለች። ስትፈራም ምግብ ትተዋለች፣ ሲያማትም እንዲሁ። እንደ በግ አትጮህም፣ እንደ ውሻ እግር ሥር መጥታ አትተኛም።

በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ድመቷ ምን ሆነች የሚለው ሳይሆን ቤቱ ምን ሆነ የሚለው ነው። ድመት የቦታና የልማድ እንስሳ ናት። ቤት መቀየር፣ አዲስ ሕፃን መምጣቱ፣ የግንባታ ድምፅ፣ የጎረቤት ድመት አጥር ላይ መመላለሷ፣ የሶፋው ቦታ መዞሩ እንኳ ይረብሻታል። የረመዷን ወርም ለእሷ ትልቅ ለውጥ ነው። ቀን ጭር ያለው ማዕድ ቤት ሌሊት ለሱሑር ይንጫጫል፣ የምሳ ፍርፋሪ ይቀራል፣ በኢፍጣር ሰዓት እንግዳ ይበዛል። እንዲህ ያለ ለውጥ ከነበረና ድመቷ ቀን ተደብቃ ሌሊት ወጥታ የምትበላ፣ ውሃ የምትጠጣ፣ ፀጉሯን የምትልስ ከሆነ ነገሩ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ጸጥ ያለ ጥግና መሸሸጊያ ካርቶን ይዘጋጅላት። ምግቧ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ይሰጣት። ልጆች በእግሯ ጎትተው እንዳያወጧት አጥብቆ መንገር ያስፈልጋል። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ መሻሻል መታየት አለበት።

በሽታ ሲሆን ግን አካሏ ይናገራል። ፀጉሯ ይንጨባረራል፣ ትከሳለች፣ ደጋግማ ታስመልሳለች፣ ከዓይኗ ጥግ ነጭ ስስ ሽፋን ይወጣል፣ ድዷ ይገረጣል። ተኝታ ሳለች አተነፋፈሷን ቁጠሩ፤ ጤነኛ ድመት በእንቅልፍ ላይ በደቂቃ የምትተነፍሰው ከ30 ጊዜ በታች ነው። አፏን ከፍታ የምታለከልክ ድመት እንደ ውሻ ሞቋት ነው ብላችሁ አትለፏት፤ ብዙውን ጊዜ ከባድ ችግር አለ። የምግቡንም ነገር «ሲርባት ትበላለች» በሚል አባባል ማለፍ አይገባም። ድመት አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች ሊታሰብበት ይገባል። ከሁለት ቀን ካለፈ ደግሞ፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ገብቶ ሊገድላት ይችላል።

አሁን ወደ መስገጃው እንመለስ። የድመት ሽንት ነጃሳ ነውና ምንጣፉ ይታጠባል፤ በዚህ ክርክር የለም። ድመቷን መምታት ግን ጭንቀቷን ያብሳል፣ ጭንቀቷም ደግሞ ያሸናታል። ይልቅ አሸናኗን ተመልከቱ። ደጋግማ እየተቀመጠች ጠብታ ብቻ የምታወጣ፣ የምታምጥ፣ የምትጮህ፣ ሥሯን የምትልስ ከሆነ ፊኛዋ ተቆጥቷል። የፊኛ መቆጣት በራሱ ብዙ ጊዜ ከጭንቀት ጋር የተያያዘ ነው። «ጭንቀት ነው» ብሎ መተው የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ ጭንቀቱ ውሎ አድሮ ሕመም ይሆናል።

ወንድ ድመት ከሆነ ነገሩ የሞት ሽረት ነው። የሽንት ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይዘጋል። ሽንት ሲታገድ መርዙ ወደ ደም ይመለሳል፣ ድመቱም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ብዙ ሰው ሲያምጥ አይቶ ሆድ ድርቀት ነው ብሎ ዘይት ያጠጣዋል። ይህ ሲታይ ነገን መጠበቅ የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው።

ሌላው የሚያሳዝነው ለድመት የሰው መድኃኒት መስጠታችን ነው። ለራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልም፣ ደሟም አየር መሸከም ያቅተዋል። አንድ ፍሬ ብቻ ልትገድላት ትችላለች። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ቀይ የደም ሕዋሳቷን ይጎዳሉ። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ምን ወጥ ይባላል! ስለዚህ የወጥ ትራፊ የድመት ምግብ አይደለም። ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ አጥንቱ ወጥቶ ይሰጣት፣ ንጹሕ ውሃም አይጥፋ። የላም ወተትም ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል፤ ቤተሰቡ በሽታ ነው ብሎ ሲጨነቅ ጥፋቱ ከወተቱ ሳህን ይገኛል።

በአንድ ጉዳይ ላይ ግን «ተጨንቃ ይሆናል» የሚለው ቃል ጨርሶ አይነሳ። በድንገት ጠባይዋ የተለወጠ፣ ያለ ምክንያት የምትናከስ፣ ለሐጭ የምታዝረከርክ፣ የምትንገዳገድ ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ይዟት ሊሆን ይችላል። አትንኳት፣ ልጆችን አርቁ። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የድመቷን መጨረሻ አይቶ ለመወሰን መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል። የቤት ድመትን ማስከተብ ከዚህ ሁሉ ያድናል። ነፍሰ ጡር እናት ደግሞ የድመት ዓይነ ምድር ማጽዳቱን ለሌላ ሰው ትተወው።

«ለድመት ደግሞ ሐኪም?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለበሬና ለበግ ሐኪም የምንጠራው ዋጋቸውን አስበን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ድመትን አስራ ሳታበላ፣ እንድትበላም ሳትለቃት ስለገደለቻት ሴት ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) የነገሩንን በኹጥባ ስንሰማ ኖረናል። ያቺ ድመት ዋጋ ስለነበራት አይደለም የተጠየቀችባት። በር ዘግተን ያሳደግናት ድመት ራሷን የምታክምበት ቦታ የላትም።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ መተንፈሻ ቀዳዳ ባለው ካርቶን፣ የለመደችውን ጨርቅ አንጥፋችሁ ውሰዷት። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁም ይኸው ነው፦ ለመጨረሻ ጊዜ የበላችው መቼ ነው? የሸናችውስ? ከዚያ በፊት በቤታችሁ ምን ተለውጦ ነበር? እነዚህን ሦስቱን ከቤት ሳትወጡ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።