ሳኩራ ያለበት ሁሉ የፀደይ ዘፈን አይደለም

ማርች በመጣ ቁጥር አይቀርልንም። አንዱ ወዳጃችን «ፀደይን መቀበያ የጃፓን ፖፕ ዘፈኖች» ብሎ የሃያ ዘፈን ዝርዝር ይልክልናል። ከላይ ሮዝ አበባ፣ ከታች ሮዝ አበባ፣ መሃል ላይ ደግሞ ግማሾቹ ስማቸው «ሳኩራ» የሆኑ ዘፈኖች። «ደስ ብሏችሁ ስሙት፣ መንፈስ ያድሳል» የሚል ማሳሰቢያም አለው። እኛም ሰማነው። ከዚያ ተጣላን። (ዘንድሮ ጭራሽ ሁለት ሰዎች ላኩልን። ሁለቱም ዝርዝሮች ያው ናቸው።)

ጠባችን ከሳኩራ ጋር አይደለም። አበባው ያምራል፣ ማን ይክዳል? ጠባችን «ደስ ብሏችሁ» ከምትለው ቃል ጋር ነው። የጃፓን የፀደይ ዘፈን፣ ጥሩ ጥሩውን ማለታችን ነው፣ ሰውን ደስ ለማሰኘት የተሠራ አይደለም። ሰውን ለመሸኘት የተሠራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃፓን ውስጥ የመንግሥት በጀት ዓመት ከ1886 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምንጽፈው) ኤፕሪል 1 ቀን ይጀምራል። ትምህርት ቤቱም ውሎ አድሮ ይህንኑ ተከተለ፤ ኩባንያውም አዲስ ምሩቅ የሚቀበለው በዚያው ቀን ነው። እንግዲህ ማርች ማለት ለአንድ የአስራ ስምንት ዓመት ልጅ የምረቃ፣ የሻንጣና የባቡር ጣቢያ ወር ነው። ቶኪዮ ላይ አበባው የሚፈነዳው ጓደኛ ከጓደኛ በሚለያይበት ሰሞን ነው፤ ሙሉ በሙሉ ፈንድቶ ደግሞ ከሳምንት ብዙም ሳይቆይ ይረግፋል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ሰፍቶ የሚመጣ ዘፈን እንዴት ሆኖ ነው ለቡና ማጣጫ የሚሆነው?

ከ1954 እስከ 1975 ድረስ በየፀደዩ ከሰሜን ጃፓን ገጠር ልዩ ባቡሮች ይነሱ ነበር። የሚጭኑት ዘጠነኛ ክፍል የጨረሱ፣ የ15 ዓመት ልጆችን ነው። ቶኪዮ ኡኤኖ ጣቢያ ያራግፏቸዋል፤ ከዚያ ወደየፋብሪካውና ወደየሱቁ ይበተናሉ። «የወርቅ እንቁላሎች» ይሏቸው ነበር። ሲያቆላምጧቸው ነው፤ በርካሽ የሚገኝ ጉልበት ለማለት ግን ከዚህ ያማረ ስም አልሰማንም። በ1964 ሃቺሮ ኢዛዋ ስለዚሁ ጣቢያ ዘፈነ፤ ዘፈኑም የእነዚያ ልጆች ዘፈን ሆኖ ቀረ። የፀደይ ዘፈን ሥሩ እዚህ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም። ሮዝ አይደለማ!

እስቲ «ናጎሪ ዩኪ»ን እንውሰድ። የካጉያሂሜ ቡድኑ ሾዞ ኢሴ በ1974 የጻፈው ነው፤ ኢሩካ የተባለችው ዘፋኝ በ1975 ስታወጣው አገር አወቀው። ርዕሱ ክረምቱ አልፎም ዘግይቶ የሚጥል በረዶ ማለት ነው። የቶኪዮ ጣቢያ፣ ባቡር የሚጠብቅ ወንድና የምትሄድ ሴት፣ መሬት እንደነካ የሚቀልጥ በረዶ። በቃ ይኸው ነው። አንድም የሳኩራ ቅጠል የለበትም። ግን ይህን ዘፈን የሰማ ሰው ፀደይ መምጣቱን አይጠራጠርም፤ ምክንያቱም አንድ ሰው እየሄደበት ነው። የስፒትዝ «ቼሪ»ም (1996) ስሙ ሲታይ ያው የአበባ ዘፈን ይመስላል። ግጥሙ ውስጥ ያለው ግን ጠመዝማዛ መንገድ፣ ነፋስ ያመጣው ቢጫ አሸዋና ተመልሶ የማይገኝ ቀን ነው። ቅላጼው ይዘላል፣ ቃሉ ይሰናበታል። ዝርዝር አዘጋጆቹ ቅላጼውን ብቻ ሰምተው «ፈንጠዝያ» ከሚለው ክፍል ከተውታል።

አሁን ወደ ሮዙ ጎርፍ እንምጣ። ማሳሃሩ ፉኩያማ በ2000 «ሳኩራዛካ»ን አውጥቶ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሸጠ። በ2003 ናኦታሮ ሞሪያማ «ሳኩራ» አለ። በ2005 ኬትሱሜይሺ «ሳኩራ»፣ በዚያው ዓመት ኮቡኩሮ «ሳኩራ»፣ በ2006 ኢኪሞኖጋካሪ «ሳኩራ»። ኤኬቢ 48 የተባለው የሴቶች ቡድን ደግሞ ከ2006 ጀምሮ የሳኩራ ዘፈንን እንደ ዓመት በዓል በግ ዓመት ጠብቆ ወደ ገበያ ያወጣው ጀመር። ሲብስ ደግሞ የኮቡኩሮ «ሳኩራ» ሲዲው የወጣው በኖቬምበር ነው። በኖቬምበር! አበባው አምስት ወር ገደማ ሲቀረው ማለት ነው። (ልጆቹ ኦሳካ አካባቢ መንገድ ላይ ሲዘፍኑ የኖሩ ናቸው፤ ድምፃቸውን አንነካም። የተጣላነው ከነጋዴው ጋር ነው።)

ይህ ሁሉ ሳኩራ የማን ፀደይ እንደሆነም ጠይቁ። ሆካይዶ ላይ ልጆች የሚመረቁት በረዶ ውስጥ ቆመው ነው፤ ሳኩራቸው የሚፈነዳው ኤፕሪል ማብቂያና ሜይ ላይ ነው። ኦኪናዋ ደግሞ ገና በጃንዋሪ አይታ ጨርሳዋለች። የሳኩራ ዘፈን የቶኪዮ ዘፈን ነው፤ ሌላው አገር ያላየውን አበባ እየዘፈነ ይመረቃል። ለቶኪዮም ቢሆን ጊዜው እየሸሸ ነው። በ2020፣ በ2021 እና በ2023 የቶኪዮ አበባ መፈንዳት የታወጀው ማርች 14 ቀን ነበር፤ በመዝገብ ከታወቀው ሁሉ የቀደመ ነው። በዚህ አያያዝ ኤፕሪል ላይ አዲስ ተማሪ የሚቀበለው ባዶ ቅርንጫፍ ይሆናል።

ፍትሕ አይጓደልና የሞሪያማው «ሳኩራ» ከጎርፉ ይለያል። ያው ፒያኖና አንድ ድምፅ ነው። ሲወጣ ማንም አላየውም፤ ከሽያጭ ሰንጠረዡ ግርጌ ተነስቶ ከሳምንታት በኋላ አንደኛ ሆነ። ጓደኛውን የሚሸኝ ልጅ ነው የሚዘፍነው፤ አበባው የመጣው ሽኝቱን ተከትሎ ነው። እንዲህ ከሆነማ ሳኩራም ይዘፈን።

«ታዲያ ደስ የሚል የፀደይ ዘፈን የለም ልትሉን ነው?» ለሚሉን፦ አለ። ካንዲዝ የተባሉት ሦስት ሴቶች በ1976 ያወጡት «ሃሩ ኢቺባን» አለ፤ የዓመቱ የመጀመሪያው ብርቱ የደቡብ ነፋስ ስም ነው። ዘለን ጨፍረንበታል፣ አንዋሽም። ካንዲዝ ግን በ1978 ኤፕሪል 4 ቀን ኮራኩዌን ስታዲየም ውስጥ 55,000 ሰው ፊት ተሰናብተው ተበተኑ። በፀደይ!

ከሌላው ወገን ደግሞ «ፖፕ የምረቃ በዓላችንን አበላሸው፣ የጥንቱ የጃፓን መዝሙር ይመለስ» የሚሉ ጃፓናውያን ሽማግሌዎች አሉ። ከእነሱም ጋር አንስማማም። የጥንቱ የሚሉት የ1881ዱ መዝሙር ዜማው የስኮትላንድ ነው። የ1884ቱ ደግሞ ከአሜሪካ የ1871 የትምህርት ቤት መዝሙር እንደመጣ በ2011 ተደረሰበት። ዛሬ ልጆቹ በየትምህርት ቤቱ የሚዘፍኑት «ታቢዳቺ ኖ ሂ ኒ» ግን ከዚያው ከቤታቸው የወጣ ነው። ሳይታማ ውስጥ ቺቺቡ በምትባል ከተማ፣ ካገሞሪ የሚባል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ኖቦሩ ኮጂማ ግጥሙን፣ የሙዚቃ መምህርቷ ዜማውን ጽፈው በ1991 መምህራኑ ለተመራቂዎቹ ዘፈኑላቸው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእነዚያ ልጆች ብቻ ተብሎ ነበር። ከዚያ አገሩን ሞላው። የሬሚዮሮሜን «ማርች 9»ም (2004) ለአንድ ጓደኛቸው ሠርግ የተጻፈ ነው፤ ተመራቂዎቹ ናቸው ወስደው የራሳቸው ያደረጉት። አየህ ወዳጃችን፣ የፀደይ ዘፈንን የሚመርጠው የሚለያየው ሰው ነው፤ የሲዲ ኩባንያው ወይም የዝርዝር አዘጋጁ አይደለም።

ዩሚ ማትሱቶያ በ1994 «ሃሩ ዮ፣ ኮይ» ብላ ፀደይን «ና!» እያለች ጠራችው። ማርች 11 ቀን 2011 ምድር ተንቀጥቅጦ ባሕሩ የሰሜን ምሥራቁን ጠረፍ ከበላው በኋላ፣ ያው ዘፈን ከብዙ ሰዎች ድምፅ ጋር ተቀናብሮ ለተጎጂዎች መርጃ ሆነ። ያን ጊዜ ፀደይን «ና» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማብራራት አላስፈለገም። በ2020 ማርች ደግሞ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ቦታ ምረቃው አጥሮ ዘፈኑ ከነጭራሹ ቀረ። ሳይዘፍኑ የተለያዩ ልጆች አሉ። ለእነሱ የሮዝ ዝርዝር ብትልክላቸው ምን ይሉህ ይሆን?

በነገራችን ላይ የጥንቱ «ሳኩራ ሳኩራ» የተዘፈነባቸው አምስት ድምፆች አቀማመጣቸው ከአምባሰላችን ጋር አንድ ነው። ክራር ያለው ሰው ይሞክረው። ለጃፓን ዘፈን ጆሯችን የማይቸገረው አለምክንያት አይደለም፤ እነዚህን ድምፆች ለምን ዓይነት ስሜት እንደምንገለገልባቸው ደግሞ እኛው እናውቃለን።

እናም ለወዳጃችን የራሳችንን ዝርዝር ላክንለት፤ «ናጎሪ ዩኪ»፣ «ቼሪ»፣ የኡኤኖውን፣ የቺቺቡውን፣ «ሃሩ ዮ፣ ኮይ»ን፣ የሞሪያማውንም ጨምረን። በማግስቱ መልስ መጣ፦ «አሪፍ ነው፣ ግን ሳኩራው አንድ ብቻ ነው እንዴ?»