ቧጥጠን ስንወጣ ማን ይይዘናል?

በየቻናሉ የ«ሃይኪንግ» ማስታወቂያ በዝቷል። ወንጪ፣ መናገሻ ሱባ፣ አልፎ አልፎም የእኛው ጭላሎ። ሌሊት ከአዲስ አበባ መነሳት፣ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ ፎቶ። ወጣቱ ቅዳሜና እሁዱን ተራራ ላይ ማሳለፉ ያስደስተኛል። የጭላሎን ስም ከአውራጃውና ከ«ካዱ» የግብርና ፕሮጀክት ጋር ሲጠራ እየሰማን አድገን፣ ጫፉን የረገጥን አርሲዎች ግን ስንት ነን?

ቅር የሚለኝ ማስታወቂያው ላይ የሌለው ነገር ነው። ተራራ ሁሉ እስከ ጫፉ በእግር ብቻ አይወጣም። ራስ ደጀን ላይ ቀናት ተጉዘህ ስትደርስ የመጨረሻዋ ቁራጭ አለት ናት፤ እጅህን ካልተጠቀምክ አትወጣትም። የእኛ ሰው ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፦ መቧጠጥ። ገመድ የሚፈልግ አይደለም፣ የእግር መንገድም አይደለም። አደጋ የሚበዛው እዚህ መሀል ላይ ነው፤ ገመድ የያዘ ሰው ይጠነቀቃል፣ የሚቧጥጥ ሰው ግን ቀላል ይመስለዋል። ደግሞም መውጣቱ አይደለም የሚከብደው። ስትወርድ እግርህ የሚያርፍበትን አታየውም።

ይህን ነገር ከማንም በፊት የፈቱት የገርዓልታ ሰዎች ናቸው። ከሐውዜን ብዙም ሳይርቅ ሽቅብ የቆመው የአቡነ የማታ ጉህ ቤተ ክርስቲያን ያለው እንደ ጣት በተገተረ አለት ላይ ነው። ቀጥ ያለው ግድግዳ ሥር ጫማህን ታወልቃለህ። በአለቱ ላይ የእጅና የእግር ማስገቢያ ጉድጓዶች አሉ፤ የት እንዳሉ የሚያውቀው ግን የአካባቢው ሰው ነው። አንዱ ከላይ እጅህን ይዞ ይጠብቅሃል፣ ሌላው ከታች ተረከዝህን ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ያስገባልሃል። መጨረሻ ላይ ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ገደል አፋፍ፣ በጠባብ የአለት መደብ ታልፋለህ። ካህናቱ የዘወትር መንገዳቸው ነው፤ እናቶች ለክርስትና ሕፃን አዝለው ይወጡታል።

መሰላል ይተከል የሚል ይኖራል። እኔ አልስማማም። መሰላል ሲተከል የመጀመሪያው ከሥራ የሚወጣ ያ ተረከዝ የሚይዘው ሰው ነው። ባሌ ላይ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ መኪና እላይ ድረስ ይወጣል። ጥሩ፤ ግን በመኪና ወጥቶ ፎቶ ተነስቶ የሚመለስ ሰው ለተራራው ሰው ምን ጥሎለት ይሄዳል? በሌላ በኩል የገርዓልታው ሥራ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነም አይተናል፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር እንግዳ ቀረ፣ በእጁ ሰው እየደገፈ ይኖር የነበረው ሁሉ ገቢው ተቋረጠ።

ወደ አርሲ ልመለስ። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2011 ተመሥርቷል፤ ጭላሎና ገላማ፣ ካካም በውስጡ ናቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው እንግዲህ። የአየርላንድ ትልቁ ተራራ ካራንቱል 1,038 ሜትር ነው፤ አሰላ ከተማ ራሷ የዚያን እጥፍ ትበልጣለች! ያም ሆኖ እዚያ ለዚያች ከፍታ በበጎ ፈቃደኞች የሚንቀሳቀስ፣ የሠለጠነ የተራራ ነፍስ አድን ቡድን አላቸው። ጭላሎ ላይ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትን ሰው በቃሬዛ የሚያወርደው ከብት የሚጠብቀው ልጅና ጎረቤቱ ነው። ጉሙ መቼ እንደሚወርድ፣ አስታው መሀል የትኛው መንገድ እንደሚያወጣ የሚያውቀውም እሱ ነው። ከማስታወቂያው ዋጋ ግን ድርሻ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ፎቶው ላይ እንጂ ሒሳቡ ላይ አይገኝም።

ስለዚህ ለወረዳዎቹና ለፓርኩ የምለው፣ ሎጅና መንገድ ከማሰባችሁ በፊት ከየተራራው ሥር ያሉትን ወጣቶች አደራጁ፣ የመጀመሪያ እርዳታ አሠልጥኑ፣ ያለ እነሱ ቡድን እንዳይወጣ አድርጉ። ሰሜን ተራሮች ላይ ያለ አስጎብኚና ያለ ስካውት ጉዞ እንደማይታሰብ ሁሉ፣ እዚህም ይቻላል።

እናንተ ተጓዦችም ብር ከማስገባታችሁ በፊት አዘጋጁን ጠይቁት፦ ከተራራው ሥር ማን አብሮን ይወጣል? ስንት ይከፈለዋል? ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረውን ሰው ማን ይዞት ይወርዳል? ስንት ሰዓት ላይ ነው፣ ጫፉ ላይ ባንደርስም፣ የምንመለሰው? «አታስቡ፣ ቀላል ነው» ካላችሁ ብራችሁን ያዙ።